ውሃ፣ ጸጥታ፣ በጀት

ተስፋነሽ አዳራሹ ስትገባ መድረኩ ባዶ ነበር። ሦስት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክራፎን፣ የታሸገ ውሃ። የተሰቀለውን ጨርቅ ፊደል በፊደል እየለቀመች አነበበችው፦ «ውሃ፣ ጸጥታ፣ በጀት።» ስለ ቤት የሚል የለም።

ቤቷ ፉሪ ዳገቱ ላይ ያለ ፈቃድ በሌሊት የቆመች የጨረቃ ቤት ናት። ሐሙስ ትፈርሳለች ተብሏል። ባሏ ታመነ ዶዘሩ ሳይጨፈልቀው ቆርቆሮውን ላትርፍ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ነው። እሷ ደግሞ «እስቲ ባለሥልጣኖቹን ልለምናቸው» ብላ ልጇን አዶናይን አዝላ ወጣች። ልጁ ገና ጥርስ አላወጣም፤ ክረምቱ ጨክኗል።

በሩ ሥር፣ ከጎረቤቷ ከኦቦ ዳኜ ጎን ተቀመጠች።

«አይመጡም» አሉ ሽማግሌው። «በዚህ ማስተር ፕላን ሰበብ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ልጆቹ ጎማ እያቃጠሉ ነው። የትኛው ባለሥልጣን ነው በዚያ የሚያልፈው?»

«ኧረ ኦቦ ዳኜ፣ አያሟርቱ!»

በሩ ተከፈተ። ኮትና ክራቫት የለበሰ ሰውዬ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ጫማው አመድ ለብሷል።

«ስብሰባው እዚህ ነው?» አላት።

«አዎ፣ ጌታዬ!» ተስፋነሽ ከነልጇ ብድግ አለች። እሷ ስትነሳ ኦቦ ዳኜ ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ።

«ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ!»

«ወደ ፊት ይለፉ! ወደ ፊት!»

«እዚሁ ይበቃኛል...»

«በጭራሽ! እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው?» ኦቦ ዳኜ ክንዱን ይዘው መድረክ ላይ አወጡት። አንዱ ማይክራፎኑን አፉ ላይ ደቀነለት። ሰውዬው በሩን አየ። ሕዝቡን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«መቼስ ቅድሚያ ከሰጣችሁኝ... ውሃ የለም!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ አልመጣም። ጸጥታውንማ አታንሱብኝ፤ እዚህ የደረስኩት በጭስ መሀል ሮጬ ነው። በጀቱንም የትኛው ጅብ እንደበላው እኔ ራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ!»

ጭብጨባው የአዳራሹን ጣሪያ አናወጠው። አንዲት ሴትዮ እልል አለች።

«ስብሰባ ስመላለስ ሸበትኩ» አሉ ኦቦ ዳኜ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እውነት የሚናገር ባለሥልጣን ዛሬ ገና አየሁ። በይ ጠይቂው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!»

«ማር አቅምሶ ሊያስለፈልፈን ቢሆንስ? ኋላ ለቅሞ ሊያሳስረን?»

«ፈሪ ለእናቱ ይባላል። አንቺ ራስሽ እናት ነሽ፤ ለማን ብለሽ ነው የምትፈሪው?»

ልጇን እንዳዘለች ተነሳች። «ጌታዬ... ሐሙስ ቤቴን ሊያፈርሱት ነው። ይሄን ሕፃን ይዤ የት ልግባ?»

የሰውዬው ፊት ተለዋወጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

«አይፈርስም! በድሃ ጎጆ ላይ ዶዘር የሚነዳው ማነው? እኔ በቁሜ አይፈርስም!»

ተስፋነሽ የቀረውን አልሰማችም። እየሮጠች ወጥታ ለባሏ ደወለች።

«ታሜ! ቆርቆሮውን መልሰህ ምታ!»

«አብደሻል? ነቅዬ ጨረስኩ እኮ!»

«አይፈርስም አለኝ! ትልቁ ባለሥልጣን፣ በገዛ አፉ!»

ትንሽ ቆይቶ መዶሻው ቋ፣ ቋ ሲል በስልኩ ውስጥ ተሰማት። ጌታን አመሰገነች።

ዞር ስትል ሰውዬው ከኋላዋ ቆሟል። እጁን ለመሳም ጎንበስ አለች። እሱ መንገዱን ግራ ቀኝ እያየ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ ባለሥልጣኖቹ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት? የኔንም ቤት ሊያፈርሱት ነው።»