ሐይቁ የሄደበት ዘመን

መጋዙ ዝም ሲል ረጅሙ ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ተመራማሪዋ ውስጡ ያለውን ጭቃ በቀጭን ሽቦ እንደ ሳሙና ከመሃል ከፈለችውና አንዱን ግማሽ ቀስ አድርጋ ገለበጠችው። ክፍሉን የሐይቅ ሽታ ሞላው።

በሩ አጠገብ የተቀመጡት እናቷ ቀና አሉ። "የኛ ሐይቅ ነው?"

"የናንተው ነው። በቱቦ ተቆፍሮ ከሆዱ የወጣ።"

"ጭቃ ለማየት ነዋ ይህን ሁሉ ዘመን ፊደል የቆጠርሽው።"

ልጅቷ ሳቀች። ሐይቁ ሸሽቶ ሸሽቶ ከጠፋ ወዲህ የዳርቻው ሰው አንድ በአንድ ለቆ ሄዷል። እናትየው ብቻ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባዶውን ሜዳ ሲያዩ ይውላሉ። አብረሽኝ ኑሪ ብላ ለምና ለምና ታክቷታል። መልሳቸው አንድ ነው፤ "ውሃው ሲመለስ ማን ይቀበለው?" አሁንም ከተማ የመጡት ዓይናቸውን ለሐኪም ሊያሳዩ እንጂ ሊኖሩ አይደለም፤ ጓዛቸው አንዲት ፌስታል ናት።

"ነይ እዪው፣ እማዬ። ጥቁር ጥቁሩ ዝናብ የጠገበ ዘመን ነው። ነጣ ያለው ደግሞ ዝናብ ያነሰበት።"

እናትየው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በጠረጴዛው ርዝመት ሄዱ፤ ዘመድ ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ እንደሚያይ ሰው፣ እየቆሙ፣ እየተራመዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆመው ቀሩ።

"ይሄስ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የገረጣው?"

ልጅቷ አጉሊ መነጽሯን አንስታ ጎንበስ አለች። ጭቃው እዚያ ጋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ ፀጉር የመሰሉ የሣር ሥሮች ወርደዋል።

"ደርቆ ነበር" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሙልጭ ብሎ ደርቆ ሣር በቅሎበታል።"

"ከዚያስ?"

ከግራጫው በላይ፣ ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን፣ ጥቁሩ ጭቃ እንደገና ይጀምራል፤ ልስልስ ያለ፣ ወፍራም። ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም ብትል እናቷ ምናልባት አብረዋት ይቀሩ ይሆናል።

"ተመለሰ" አለች።

የእናትየው ፊት ፈካ። "አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል።"

"ስንት ጊዜ ቆየ ታዲያ?"

ግራጫው ሁለት ጣት አይሞላም። "እርግጡን ገና እንመረምረዋለን። ግን እማዬ፣ ያንቺ እናት፣ የሷ እናት፣ የሷም እናት እያልሽ ብትደረድሪ አይበቁትም።"

እናትየው ሁለት ጣታቸውን ከግራጫው በላይ፣ ሳይነኩት፣ ይዘው ቆዩ። ያ ሁሉ እናት በየተራው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሜዳውን ሲያይ የሚታያቸው ይመስላል። ከዚያ ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

"እንግዲያስ እኔ አልደርስበትም" አሉ። "የሚቀበለው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።"

ልጅቷ አጉሊ መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አብሬሽ ልኖር ከሆነ አልጋ አለሽ ወይስ መሬት ልታስተኚኝ ነው?"

"የኔን አልጋ እለቅልሻለሁ።"

"ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ። ዝቅ ካለ ያፍነኛል።"

የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮት ገብታ እርጥቡ ጭቃ ላይ ስታርፍ ጥቁር መስመሮቹ በሙሉ አንድ ላይ አበሩ። እናትየው ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረቡ። ሳያውቁት፣ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል።