የካባዎቹ ነገር

ጥልፍ ጠላፊዋ ንጹሕ ሴት ናት። እንግዳ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ትወለውላለች፤ ከተነሣም በኋላ ትወለውላለች። ሥራዋም እንዲሁ ነው። ታናሽ ወንድሟ የሚጠለፈውን ቃል በእርሳስ ካርቶን ላይ ጽፎ ሲሰጣት፣ ዝንብ ያረፈችበት የመሰላትን ሁሉ በላጲስ አጥፍታ ነው መርፌ ያነሣችው።

ቃሉ በእሷ ቋንቋ አልነበረም። አጥቢያቸው በአህጉሩ ደቡብ ጫፍ ካለች አንዲት አጥቢያ ጋር እህትማማች ሆናለች። እህት ጋ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ስለዚህ ለዚያች አጥቢያ መዘምራን ቀይ ካባ ይሰፋ፣ ደረቱም ላይ በራሳቸው ቋንቋ «የተመረጡት» የሚል ቃል በወርቃማ ክር ይጠለፍ ተባለ።

ወንድሟ እዚያ ሠልጥኖ ስለመጣ ቋንቋውን ያውቃል። ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በሹፈት። ካርቶኑን ሰጥቷት ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደ። ሲመለስ ካባዎቹ ታሽገው ተልከዋል።

ሥራው ዓይኗን በልቶታል። ከዚያ ወዲህ ክር መርፌ ውስጥ የምታስገባላት የጎረቤት ልጅ ናት። ያም ሆኖ ወደ እህት አጥቢያዋ የሚሄዱ ተጓዦች ሲመረጡ ቀድማ እጇን አወጣች።

«ለብሰውት ሲዘምሩ ሳላይማ አልሞትም» አለች።

እዚያ ሲደርሱ መዘምራኑ በር ላይ እየዘመሩ ተቀበሏቸው። አንዱ ሹራብ ለብሷል፤ አንዱ የጋራዥ ቱታውን አላወለቀም። ካባ የለበሰ አልነበረም።

«ካባዎቹስ?» አለች ጠላፊዋ።

የመጋቢው ሚስት መሬት መሬት አየች። ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ እንግዶቹም ያረፉት እሷ ቤት ነው። የተናገረችውን አብሯቸው የመጣው ሊቁ ተረጎመ።

«ታጥበው አልደረቁም ትላለች።»

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጠላፊዋ ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

በማግስቱ ደግሞ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ጠፍቷል ተባለ።

«ልብሱም አብሮ ጠፍቷል በለኛ» አለችው ወንድሟን።

ከሰዓት በኋላ ካውያ ፍለጋ ወደ ጓዳ ዘለቀች። የመጋቢው ሚስት ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። ከፊቷ በወርድ መዳፍ፣ በቁመት ደረት የሚያካክሉ ቁርጥራጮች ተደርድረዋል። ቀይ ቀለማቸውን ጠላፊዋ በጨለማም ቢሆን አትስተውም፤ የራሷ ጨርቅ ነው። ሴትየዋ እንግዳዋን ስታይ ቁርጥራጮቹን አፍሳ ሽርጧ ሥር ደበቀች፤ ፊቷም ልውጥውጥ አለ።

ጠላፊዋ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ቀዳደው ሸጠውታል! እነዚህን ነው እህት ያልነው? ሌቦች!»

«ቀስ በይ እትዬ፣ ይሰማሉ።»

«ቢሰሙስ? ቋንቋዬን አያውቁ!»

ይህን ያለችው የቤቱ ደህና አልጋ ላይ ተቀምጣ ነው። ባለቤቶቹ ለእንግዶች ብለው ሳሎን ወለሉ ላይ ይተኛሉ። በምግብ ሰዓት ሥጋው ወደ እሷ ይገፋል። እየጎረሰች ትጠረጥራለች፤ እየጠረጠረች ታፍራለች። ከሁሉ የሚያሳፍራት ግን አገሯ ስትገባ የሚጠብቃት ጥያቄ ነበር። «ካባው እንዴት አማረባቸው?» ይሏታል። ዓይኗን ያፈሰሰችበት ነገር ገበያ ወጣ ብላ እንዴት ትናገር?

እሑድ እንግዶቹ ሰላምታ እንዲያቀርቡ ተጋበዙ። ጠላፊዋ ወንድሟን አስከትላ ወጣች። ምስጋና ብቻ ልትናገር ተማክረው ነበር።

«እኔ ጠላፊ ነኝ፤ ንግግር አላውቅም» ብላ ጀመረች። «ዓይኔን ነው የሰጠኋችሁ። ካለ ለብሳችሁ አሳዩኝ፤ ከሌለም የለም በሉኝና እርሜን ላውጣ።»

ሊቁ ላብ አጠመቀው። ቢሆንም ተረጎመ።

የመጋቢው ሚስት ከመቀመጫዋ ተነሥታ መዘምራኑን በእጇ ጠራቻቸው፤ ተከታትለው ወጡ።

ሲመለሱ ሁሉም ካባ ለብሰዋል። አንድም አልጎደለም። ከግርጌው ትንሽ ተቆርጦ አጥሯል እንጂ እንዳማረበት ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

ጠላፊዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። የበላችው እንጀራቸው፣ የተኛችበት አልጋቸው፣ በዝግ በር የተናገረችው ሁሉ ፊቷ ላይ መጣ። ወርዳ የመጋቢውን ሚስት ትከሻ ሳመች።

«ይቅር በይኝ እህቴ። ክፉ አስቤብሽ ነበር።»

ሊቁ ተረጎመ። ሴትየዋ አቅፋት አለቀሰች።

«በል አሁን እጃቸውን ያውርዱ በላቸው» አለች ጠላፊዋ መነጽሯን እየወለወለች። «ጥልፌን ልየው።»

መዘምራኑ የመጋቢውን ሚስት አዩ። እሷም ፈጠን ብላ የሆነ ነገር ተናገረች።

«በጣም ደክመሽበታል፤ እናውቃለን። እንዲሁ ቢሆን ይሻላል ትልሻለች» አለ ሊቁ፣ እሱም ነገሩ ሳይገባው።

«አቤት ትሕትና! ኧረ አይሆንም፣ ያውርዱ!»

እጆቹ ቀስ እያሉ ወረዱ። ወርቃማው ክር ከዳር እስከ ዳር አበራ፤ አንዲት ስፌት አልላላችም። ምዕመናኑ ግን አንድ ላይ አቀረቀሩ። ከኋላ አንድ ሕፃን ጮክ ብሎ አነበበና ሳቀ፤ እናቱ አፉን ያዘችው።

ጠላፊዋ ደስ ብሏት ወደ ወንድሟ ዞረች። ሊቁ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

«እትዬ» አለ፣ «ካርቶኑ ላይ ከመጀመሪያዋ ፊደል በላይ ያደረግኳት ነጥብ የት ሄደች?»

«የምን ነጥብ?»

«‹የተመረጡት› የሚለው እሷ ስትኖር ነው፤ ያለሷ ‹ሌቦቹ› ነው የሚለው።»