«አይነካም» የተባለው ግድግዳ

«በል ምታው» አለኝ ፎርማኑ።

መዶሻውን አንስቼ ቆምኩ...

ፕላኑ ላይ፣ ልክ እዚህ ግድግዳ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ «አይነካም» ተብሎ ተጽፏል። ትምህርቴን ከሰባተኛ ባቋርጥም ማንበብ አያቅተኝም።

«ፎርማን... አይነካም ይላል እኮ።»

ግድግዳውን በጣቱ ቋ ቋ አደረገው። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«ተራ ብሎኬት ነው። ጣሪያ የሚሸከም ቢም አላረፈበት፣ ምን አላረፈበት። ቢወርድ ቤቱ ምን ይሆናል?»

«እና አርክቴክቷ ለምን ጻፈችው?»

«ወረቀቱ ባዶ እንዳይሆን ነዋ።»

ሁላችንም ሳቅን።

ቤቱ ብቻቸውን የሚኖሩ የአንድ እናት ነው። እማማ ነው የምንላቸው። የሚያሳድሰው ልጃቸው ነው።

ልጅየው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ... እናቱን ይወዳል።

«እማዬ እዚህ ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ስትመላለስ አረጀች» ይላል። «ከእንግዲህ እንኳን ብርሃን ታግኝ።»

የኮሪደሩ ግድግዳ ወርዶ ከፊት በር እስከ ጓሮ የሚያሳይ ሰፊ ሳሎን ነው የሚፈልገው። በቃ፣ ይሄው ነው ፍላጎቱ።

አርክቴክቷ ግን ሌላ ሰው ነበረች።

ሥራ ሳንጀምር ሦስት ቀን ተመላለሰች። እኛ ዕቃ እናወጣለን፣ እሷ ሜትሯን ይዛ እማማን እግር በእግር ትከተላለች። ከመኝታ ቤት እስከ ኩሽና ስንት እርምጃ እንደሚሄዱ ትቆጥራለች። እጃቸው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ከፍታ ሳይቀር ለካች።

«ይቺ ሴትዮ ቤት ነው የምትሠራው ወይስ ቀሚስ ነው የምትሰፋላቸው?» አለ ፎርማኑ።

ልጅየው ፕላኑን ሲያየው ፊቱ ተቀየረ።

«ኮሪደሩ አለ እኮ! ከሁሉም በላይ እንዲፈርስ የጠየቅኩሽ እሱን ነው።»

«እሱ ባይነካ ይሻላል።»

«ምክንያት?»

እማማ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ወደሳቸው አየት አደረገችና፦

«እናትዎን ይጠይቋቸው» አለችው።

«እማዬ፣ ይሄ ግድግዳ ቢፈርስ ቅር ይልሻል?»

እማማ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ... አንተ ደስ እንዳለህ።»

«ሰማሽ?» አላት አርክቴክቷን። በዚያው አሰናበታት። ፕላኑን ለፎርማኑ ሰጠውና «ኮሪደሩን አውርዱት፣ ሌላው እንዳለ ይሠራ» አለ።

እናም መታሁት።

የመጀመሪያው ምት ያረፈው ወገብ አካባቢ ነው። እዚያ ጋ ቀለሙ ተልጦ ረጅም መስመር ሠርቶ ነበር። እድፍ መስሎኝ... ሳልጨነቅ መታሁት። ከምሳ በፊት ወርዶ አለቀ።

እማማ ልጃቸው ጋ «ጉልበቴን» እያሉ ከአልጋ ሳይርቁ ሰንብተው በሁለተኛው ሳምንት መጡ። ወለሉ አዲስ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ፀሐዩ እስከ ውስጥ ይገባል። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ልጅየው በር ላይ እጃቸውን ለቀቀ።

«ግቢ እማዬ። ቤትሽን እይው።»

ገቡ።

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ... ምንም የለም።

አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄዱ... ምንም።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«የት ነው ያለሁት?»

«ሳሎን ነሽ ነዋ።»

«የማን ሳሎን?»

ልጅየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኛም ሳቅን። ቆይቶ ግን ፊታቸውን ሲያየው ሳቁን ዋጠው። ዓይናቸው ፊት እጁን አወዛወዘ።

ዓይናቸው አልተከተለውም።

«እማዬ... ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ።»

ሦስት ዓመት! እኔ ራሴ ስንቴ ሻይ ቀድተውልኛል። ጣታቸውን ብርጭቆው ጫፍ ላይ ያደርጉ ነበር። ሙቀቱን የሚለኩ ነበር የሚመስለኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ከቤቴ ትወስደኛለህ። እዚህ ግድግዳዬን ይዤ የፈለግኩበት እሄዳለሁ፣ ማንም አይመራኝም። ያቺ ፕላኑን የሠራችው ልጅ ገና በመጀመሪያው ቀን አወቀችብኝ። ምስጢሬን በአደራ ያዢልኝ ብዬ ለመንኳት... እሷ ግድግዳውን ካቆየችው ይበቃል ብዬ ነበር።»

ልጅየው «አልወስድሽም» ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

አላለም።

ፎርማኑ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ውጭ ወጣ።

ግድግዳውን መልሰን ገነባነው። እዚያው ቦታ፣ ያው ብሎኬት። ግን ኮሪደሩ ከወረደ በኋላ ልጅየው አዞ የኩሽናው በር ወደ ጓሮ ዞሯል፣ መታጠቢያ ቤቱም ቦታ ቀይሯል። እማማ አንድ ቀን ሞከሩት። ሁለቴ ተጋጩ፣ ከዚያ የመኝታ ቤታቸው በር ጠፋባቸውና መሃል ኮሪደር ላይ ቆመው ቀሩ። እጃቸውን ይዤ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

«ማነህ ልጄ?» አሉኝ።

ያፈረስኩት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። «ሠራተኛው ነኝ» አልኳቸው።

በማግስቱ ልጃቸውን ራሳቸው «ውሰደኝ» አሉት።

ወሰዳቸው። ቤቱ ተቆልፏል።

ወገኖቼ... ሰው አርክቴክት ሲቀጥር ሥዕል የገዛ ይመስለዋል። ደህና አርክቴክት ግን ከግድግዳው በፊት የሚኖርበትን ሰው ነው የሚለካው። «ይሄ አይነካ» ካለቻችሁ፣ ምክንያቱን ባትነግራችሁም ቆም በሉ። እኛ ግድግዳውን አንኳኩተን አየነው፣ እማማን ግን ማናችንም ደህና አድርገን አላየናቸውም። እናት ደግሞ «አንተ ደስ እንዳለህ» ስትል ሁልጊዜ እሺ ማለቷ አይደለም።

አሁን እናንተን ልጠይቅ... በአርክቴክቷ ቦታ ብትሆኑ የእማማን አደራ ትጠብቁ ነበር ወይስ ለልጃቸው ትናገሩ ነበር? ብትናገር ይወስዳቸዋል፣ ዝም ብትል ይሄው ሆነ። እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። እስቲ እናንተ ጻፉልኝ።