ጥቁሯ ኳስ

አንተነህ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ፑል ቤት የቀረችውን ንብረት፣ ባጃጁን፣ አስይዞ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ይጫወት ነበር። ቤቱን ዓምና እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተበልቷል። ዛሬ ግን ቀንቶታል። የቀረችው ጥቁሯ ኳስ ብቻ ናት፤ እሷም ቀዳዳው አፍ ላይ ቆማለች። ካስገባት ባጃጁም ይተርፋል፣ የሾፌሩም ገንዘብ የእሱ ይሆናል።

የዱላውን ጫፍ ጠመኔ እየቀባ ሳለ ሚስቱ የትናየት ገባች። ተመልካቾቹ ዞረው አዩዋት። ታለቅሳለች፣ ወይም እጁን ይዛ ትጎትተዋለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን የተመልካቹን ውርርድ ወደሚይዘው ሰውዬ ሄዳ የሠርጓን የወርቅ ሐብል ከአንገቷ ፈትታ ሰጠችው።

«በባልሽ ነው?» አላት ሰውዬው።

«አይ፣ በሾፌሩ።»

አንተነህ ደነገጠ። «የትናዬ፣ ኧረ ኳሷን እያት! ልትገባ'ኮ ነው!»

«አይቻታለሁ» አለችው። «ምታ።»

ጎንበስ አለ። ቀና ብሎ ሐብሏን አየና መታ። ነጯ ኳስ ጥቁሯን ጨርፋት አለፈች። ሾፌሩ ተራው ሲደርሰው አልሳታትም።

የትናየት ሐብሏንና የደረሳትን ገንዘብ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። አንተነህ በሩ ላይ ደረሰባት።

«እንኳንም አስያዝሽ» አላት ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ቢያንስ የወሩን ቀለብ አገኘን።»

«የቀለብ አይደለም፣ አንተነህ» አለችው። «ልጆቹ መናኸሪያ እየጠበቁኝ ነው። መሳፈሪያ ጎድሎን ነበር።»