ያልተነበበው የሳጋል ድርሰት

«ሌላ ርእስ ምረጪ!»

መምህር ካሳሁን ወረቀቱን መለሰላት...

ሳጋል ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ቲቸር፣ ምኑ ነው መጥፎው?»

«ስለ ጉድጓድ ክዳን ነዋ የጻፍሽው! በወላጆች ቀን፣ የወረዳ ኃላፊዎች በተቀመጡበት፣ ስለ ክዳን ይነበብ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ...

«ክዳኗ!» ብሎ ጮኸ ማሃድ ከኋላ ወንበር። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስሟ እሱ ሆኖ ቀረ።

ቦታው ሶማሌ ክልል፣ ሀርሺን ነው። ዓመቱ 2015።

ሳጋል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካሳሁን ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህር ነው፤ ሀርሺን ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ።

በዚያው ሳምንት ስለ ርእስ አመራረጥ ያስተማረው እሱ ራሱ ነበር።

«ሰፊ ርእስ አትምረጡ» ብሏቸዋል። «በዓይናችሁ ያያችሁትን ምረጡ። ከዚያ አጥብቡት። የተሻለው ድርሰት በወላጆች ቀን ይነበባል።»

አርባ ስድስቱም ተማሪዎች ይህንን ደብተራቸው ላይ በጥንቃቄ ገለበጡ... ከዚያ አርባ አምስቱ ስለ ትምህርት ጥቅም ጻፉ።

የተባለውን ያደረገችው ሳጋል ብቻ ናት።

ርእሷ፦ «ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ያለው ቢርካ ለምን አይከደንም?»

ሀርሺን ወንዝ የላትም። የዝናብ ውሃ ቢርካ በሚባል፣ በሲሚንቶ በተሠራ ትልቅ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ሰውም ከብትም ከዚያ ይጠጣል።

ከአጥሩ ሥር ያለው ቢርካ ግን የቆርቆሮ ክዳኑን ንፋስ ከወሰደው ስምንት ወር ሆኖት ነበር።

ሳጋል ጥልቀቱን ድንጋይ ባሰረችበት ገመድ ለክታለች። በእረፍት ሰዓት ጠርዙ ላይ የሚሯሯጡትን ሕፃናት ቆጥራለች... ሃያ ሦስት። ስንት ቆርቆሮ እንደሚበቃው አናጢ ጠይቃለች... አሥራ አራት።

ታዲያ ካሳሁን ለምን መለሰው?

ርእሱ አንሶበት እንዳይመስላችሁ... ቢርካው የሐጂ ሮብሌ ስለሆነ ነው።

ሐጂ ሮብሌ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ለመምህራን ውሃ በነፃ ይሰጣሉ። በወላጆች ቀን የፊተኛው ወንበር የሳቸው ነው።

ካሳሁን ባደገበት አገር ደግሞ ሽማግሌን በሰው ፊት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ክፍሉ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለብቻቸው ብትነግሪያቸው አይሻልም?» አላት።

«ነግሬያቸዋለሁ፣ ቲቸር። ለዚህ እኮ ነው የጻፍኩት።»

«በይ በቃ... 'የውሃ ጥቅም' ብለሽ ጻፊው። እሱም ያው ስለ ውሃ ነው።»

ጻፈችው... አንደኛ ወጣች።

በወላጆች ቀን ማይክ ይዛ፣ ከሐጂ ሮብሌ አሥር እርምጃ ርቃ ቆመች። ውሃ ለሰው ልጅ፣ ለእንስሳትና ለዕፅዋት እጅግ አስፈላጊ እንደሆነ አነበበች።

መሃል ላይ ዝም አለች...

ቀና ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው። ከዚያ ካሳሁንን አየችው።

ካሳሁን በእጁ «ቀጥይ» አላት።

ቀጠለች።

ከሁሉም አብልጠው ያጨበጨቡት ሐጂ ሮብሌ ነበሩ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ...

ሰኞ ረፋድ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ዴቃ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቢርካው ውስጥ ወደቀች። ሲያወጧት በሕይወት አልነበረችም።

ዴቃ የሐጂ ሮብሌ የልጅ ልጅ ናት።

ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ሐጂ ሮብሌ ትምህርት ቤት መጡ። ካሳሁን ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም።

«መምህር... ሳጋል ስለ ቢርካው ጽፋ ነበር ወይ?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ለምን አላነበበችም?»

«እኔ ነኝ የከለከልኳት... በሰው ፊት እንዳታሳፍርዎ ብዬ።»



«አንተ እንግዳ ነህ፣ አታውቅም» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ጋ ሰው በተሰበሰበበት የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ሁሉ እየሰማ 'ሮብሌ፣ ይህን ክደን' ብትለኝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እከድነው ነበር። ልጅቷ የአገሩ ልጅ ናት፣ ይህን ታውቃለች...»

ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

«ለብቻዬ ሁለቴ መጥታ ጠየቀችኝ። ሁለቴም ስቄ 'ኢንሻአላህ' ብዬ ሸኘኋት። ሰው ፊት ቢሆን... አልስቅም ነበር።»

ካሳሁንን እንኳ አልተቆጡትም... ወጥተው ሄዱ።

ይህን የነገረኝ ራሱ ካሳሁን ነው። አሁን ጅግጅጋ ያስተምራል።

ቢርካው በማግስቱ ተከደነ። አሥራ አራት ቆርቆሮ በቅቶታል።

ሳጋልስ?... ከዚያ በኋላ ድርሰት ጻፉ በተባለ ቁጥር ባዶ ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛው ድረስ ትመጣ ነበር አለኝ።

«ቲቸር፣ ርእሱን አንተ ስጠኝ...»

ከታሪኩ የምንማረው፦ ጥሩ ርእስ ማለት ጸሐፊው አይቶት ማለፍ ያቃተው ነገር ነው። ልጅ እንዲህ ያለ ርእስ ይዞ ሲመጣ ፊደሉን እናርምለት፣ ዓረፍተ ነገሩን እናቃናለት... ጥያቄውን ግን አናስቀይረው። ይሉኝታችን የሚያስከፍለውን ብዙ ጊዜ የምንከፍለው እኛ አይደለንም።

እናንተ በካሳሁን ቦታ ብትሆኑ... ውሃ የሚሰጧችሁ ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ያንን ድርሰት ታስነብቡት ነበር? ከመመለሳችሁ በፊት ትንሽ አስቡበትና እውነቱን ጻፉልን...