ርግቧ ያለችበት ማሰሮ

የርግቧን ክንፍ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ እያጣበቅሁ ሳለ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ነጋሳ ደጄ ላይ ቆሙ። እሑድ ነው፣ ስምንት ሰዓት ተኩል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስምንት ሰዎች ለጸሎት ወደ ቤቴ ሊገቡ ነው። ጌታ ሆይ፣ ከሰባቱ ቀን ይሄንን መረጥህላቸው?

ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንጸልየው ከቤት ቤት እየዞርን ነው። አምና ወሬ ሾልኮ ስድስት ሰው ሦስት ወር ታሰረብን፤ አንዱ ዛሬ ወንጂ ፋብሪካ ተረኛ የሆነው ባሌ ነው። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌያችን ኦቦ ጉደታ ሕግ አወጡ። የሳምንቱ ቤት በአፍ አይነገርም። ማሰሮው መስኮቱ ላይ የታየበት ቤት እሱ ነው፤ ያየ ሰው ሳይጠይቅ፣ ግራ ቀኝ ሳይል ይግባ።

ማሰሮው ጄራኒየም የሚባል አበባ የተተከለበት ተራ ሸክላ ነው። ያስጌጥኩት እኔ ነኝ። አገሯ የተመለሰች የሚሲዮን አስተማሪ ትታልኝ የሄደችው፣ ምድጃ ሲገባ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ባለቀለም ጭቃ ነበረኝ። በቆርቆሮ ቅርጽ ማውጫ እየተጫንኩ አንዲት ነጭ ርግብና የወይን ዘለላ አወጣሁ፤ ጋግሬ በሙጫ ለጠፍኳቸው። ክንፏ ያለፈው ሳምንት ተረኛ ከነበረችው ከፀዳለ ቤት ስትመጣ ነው የተገነጠለው። ፀዳለ ዕቃ መያዝ አታውቅም፣ አንዴ አይደለም ስንቴ ነግሬያታለሁ።

ጓድ ነጋሳ ግቡ ሳይባሉ ገብተው ብሶታቸውን ዘረገፉት። የቀበሌው የእሑድ ውይይት ላይ ሰው አልመጣ ብሏቸዋል። ባለፈው ሳምንት የተገኙት እሳቸውና ዘበኛው ብቻ ናቸው፤ ዘበኛውም ተኝቷል። ዛሬ ደግሞ ከበላይ ተቆጣጣሪ መጥቶ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ባዶ ወንበር ካየ ሊቀመንበርነታቸው አበቃ። ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። አንጀቴን በሉት፣ ምን ላድርግ። ሦስት ወር ሙሉ እኮ እኛ ስማቸውን እየጠራን፣ ጌታ ልባቸውን እንዲነካው ስንጸልይላቸው ከርመናል።

ዓይናቸው ማሰሮው ላይ አረፈ።

«ይቺ ወፍ ምንድን ናት፣ እትዬ ጤናዬ?»

መዋሸት ኃጢአት ነው። እውነቱን መናገር ደግሞ ሦስት ወር ነው።

«የሰላም ርግብ ናት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ፊታቸው በራ። ወይኑስ ሲሉኝ የድካም ፍሬ ነው አልኳቸው፤ ያም ቢሆን ውሸት የለበትም። እንዲህ ያለ የነቃ እጅ ጎረቤታቸው ሆኖ አለማወቃቸው አስቆጫቸውና ማሰሮውን ብድግ አደረጉት። ለአዳራሹ መስኮት፣ ለዛሬ ብቻ። ሙጫው አልደረቀም ብል፣ አበባው ይረግፋል ብል፣ ማን ሰምቶኝ። እንደ ሕፃን አቅፈውት መንገዱን ተሻገሩ።

ቀበሌው ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። መስኮቱ ላይ አስቀመጡና ርግቧን ወደ መንገዱ አዞሯት።

መጀመሪያ የደረሰችው ወርቅውሃ ናት፤ መጽሐፍ ቅዱሷን ጎመን ሥር ሸጉጣ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ። ባዶ መስኮቴን አየች። ከዚያ የቀበሌውን አየች። ዘበኛው በር ላይ ስለቆመ መጥራት አልችልም፤ ሻሼ እስኪወድቅ ራሴን ነቀነቅኩላት። ማን ዞር ብሎ አይቶኝ፣ ሕግ ነዋ። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። አልፈራችም። ያኔ ነው የገባኝ፦ ጓድ ነጋሳ አምነው ማሰሮውን የተቀበሉ መስሏታል። ተመስገን ስትል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ገባች።

ፀዳለም ገባች። ሾፌሩ ገርባም፣ ሌሎቹም ተከታተሉ። በመጨረሻ ኦቦ ጉደታ መጡ፤ መስኮቱን አንዴ አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁና ድሮም የሚጠብቁት ነገር ይመስል ተራመዱ። ብቻቸውን ከሚታሰሩስ ብዬ ሻሼን አንስቼ ተከተልኳቸው።

ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ጥቁር ካፖርት የለበሰው ተቆጣጣሪ ይጽፋል። በሰዓቱ የመጣ ሕዝብ አይተው የማያውቁት ጓድ ነጋሳ ደስታው አንደበታቸውን ይዞት፣ «እንግዲህ እንጀምር» ብቻ አሉ።

እንጀምር ሲባል እኛ የምናውቀው አንድ ነገር ነው። ኦቦ ጉደታ ተነሡ፤ የቀረነው ስምንታችንም ተነሣን። ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን አንዱን ዓይኔን መጨፈን አቃተኝ።

ተቆጣጣሪው ብዕሩን አቆመ። ዞር ዞር ብሎ አየን። ከዚያ ለአብዮቱ ሰማዕታት መታሰቢያ ነው ብሎ መሰለኝ፣ ብድግ አለ፤ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ፤ አቀረቀረ። ጓድ ነጋሳም ይህን ሲያዩ ተጣድፈው አቀረቀሩ።

ሰማዕታት ምን ያህል ደቂቃ እንደሚገባቸው የሚያውቅ ስለሌለ ቀድሞ ቀና የሚል ጠፋ። በዚያች በአንዱ ዓይኔ ከርግቧ አጠገብ የቆሙትን ጓድ ነጋሳን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።