መጨረሻ ላይ ያለችው ሰማያዊ ታብ

ገለኔ ኮምፒውተሯ ላይ ከተደረደሩት የገጽ ታቦች ቢጫዋን በማውስ ይዛ ወደ ፊት ስትስባት፣ ከኋላዋ የቆሙት ወላጆች አጉረመረሙ። መቱ ከተማ ያለችው ኢንተርኔት ቤቷ ከጠዋት ጀምሮ የልጆቻቸውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በሚጠብቁ ሰዎች ተጨናንቃ ነበር፤ ኔትወርኩ ግን ይንፏቀቃል። ብሮውዘሩ በራሱ ጊዜ አፕዴት አድርጎ ታቦቹን ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ስላደረገባት፣ የማን የማን እንደሆነ ለመለየት ለእያንዳንዱ ቀለም ሰጥታ ወላጆቹ የመጡበትን ከተማ ጻፈችበት፤ ቡሬ ቀይ፣ ሁሩሙ ቢጫ፣ ኡካ ሰማያዊ። ሰዎቹ ደግሞ የታቦቹን አሰላለፍ ወረፋ አድርገው ቆጠሩት።

«ሁሩሙን ከቡሬ ያስቀደምሽው በምን ሒሳብ ነው?» አሉ ከቡሬ የመጡት ጋሽ ኦሊ፣ ኮስተር ብለው። «እኔ እኮ ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤት የወጣሁት።»

«ጋሼ፣ እንዲያምር ብዬ ነው እንጂ ወረፋ አይደለም» ብትላቸው ማን ሰምቷት። ከኡካ የመጡት እትዬ ኢብሴ ብቻ አልተከራከሩም። «የኔዋን መጨረሻ አድርጊያት፣ አልቸኩልም» አሉ።

ገለኔ ሰማያዊዋን ወደ ዳር ገፍታ ገና ማውሱን ስትለቅ ገጹ ተከፈተ። የእትዬ ኢብሴ ልጅ አምስት መቶ አርባ ሁለት አምጥታለች። እናትየው እልልታውን ሲያቀልጡት ቤቱ በሙሉ ተቀበላቸው። ጋሽ ኦሊም መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡና ወደ ገለኔ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ቀይዋን ከኋላ አድርጊልኝ።»